ዝም ብሎ የሚሳሳት ፕሮግራም

የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ የሚፈጠሩ ስህተቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚጮኹና ዝም የሚሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ያለ ቅንፍ የተጻፈ የድሮ የፕሪንት ትእዛዝ ሲያይ መስመሩን ጠቅሶ ይቆማል። ይሄ አያስቸግርም። አስቸጋሪው ማካፈል ነው። የአንድ ተማሪ የሁለት ፈተና ድምር 179 ቢሆን፣ 179/2 በፓይተን 2 መልሱ 89፣ በፓይተን 3 ግን 89.5 ነው። የስህተት መልእክት የለም፤ የተማሪው ውጤት ግን ተቀየረ።

ታዲያ እንዴት እናገኘዋለን? መልሳቸውን በእጅ ያሰላናቸውን ጥቂት ቁጥሮች በሁለቱም ቨርዥን ራን አድርገን ውጤቱን ጎን ለጎን እናስተያያለን። ቀጥሎ በየደረጃው ያሉትን ዋጋዎች ፕሪንት እያደረግን ልዩነቱ የጀመረበትን መስመር እንይዛለን። ሙሉ ቁጥር ከተፈለገ በ«/» ፋንታ «//» ይጻፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራን ስላደረገ ብቻ አንለፈው።