ያለ እኔ የሄደው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት በውስጥ መስመር «ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ያወራሁትን ሁሉ ለጂፒዬ ይነግረዋል? እንዳይነግረውስ ማድረግ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጂፒ የምንለው የተመዘገብንበትን የሰፈር ሐኪም ነው። በሁለት መስመር ልመልስላት ጀምሬ ተውኩት። ይህን ጥያቄ እኔ በጊዜው አልጠየቅሁም፤ ባለመጠየቄም የደረሰብኝ ነገር አለ። ስለዚህ እንግሊዝ አገር ለምትኖሩ ሁሉ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አገር ቤት እያለን እንዴት እንደምንታከም አስታውሱ። የራጁን ፊልምና የላብራቶሪውን ውጤት በፌስታል ይዘን ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው የምንዞረው እኛው ነን። እንዲታይ ያልፈለግነውን ወረቀት ቤት ትተነው ልንሄድ እንችላለን። እዚህ ግን ወረቀቱ ያለ እኛ ይሄዳል። ኤንኤችኤስ፣ ማለትም የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ፣ የተዋቀረው ሁሉም ነገር ጂፒው ጋ እንዲሰበሰብ ሆኖ ነው፤ ሆስፒታል ተኝታችሁ ስትወጡ ማጠቃለያው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በቀጠሮ ታይታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ደብዳቤው በ7 ቀን ውስጥ ለጂፒያችሁ መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ ግልባጩ ለእናንተም ይመጣል። እኛ ግን ፖስታውን ከፍተን «እንግሊዝኛው ከባድ ነው» ብለን መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን።

እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግሁት። ለንደን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ልቤ በኃይል እየመታ ሲያስቸግረኝ ጂፒዬ ወደ ስፔሻሊስት ላከኝ። ስፔሻሊስቷ በስልክ አስተርጓሚ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ እናቴ ካረፈች በኋላ መኖር አስጠልቶኝ እንደነበር፣ ለወራትም ያለ መድኃኒት እንቅልፍ እንዳልነበረኝ ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጂፒዬ ጋ ስሄድ የአክስቴ ልጅ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ ከስፔሻሊስቷ ደብዳቤ አንድ አንቀጽ አነበበና ጥያቄ ጠየቀኝ። እሷ ዝም አለች። የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ትጠመጥመዋለች፣ ትፈታዋለች። ቆይታ፣ ፊቴን ሳታይ «ስለ እንቅልፍ መድኃኒቱ ነው የሚጠይቅሽ» አለችኝ። በሳምንቱ እህቴ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የአክስቴ ልጅም ብትሆን ተጨንቃ ነው የተናገረችው። ግን ምስጢሬ ከእጄ የወጣው እኔ ሳላውቅ ነው። ይህ በእናንተ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ሕጉን በቀላል አማርኛ ላስቀምጠው። ሐኪም ስለ እናንተ ያወቀውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሆኖም ለሕክምናችሁ ሲባል ለሌላ ሐኪም ሲያስተላልፍ፣ ካልተቃወማችሁ በቀር እንደተስማማችሁ ይቆጠራል። ዝምታችሁ ፈቃድ ነው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። «ይህ ለጂፒዬ አይተላለፍ» ካላችሁ ግን፣ የሐኪሞችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ጂኤምሲ ባወጣው መመሪያ መሠረት ሐኪሙ በመርህ ደረጃ ቃላችሁን ማክበር አለበት። ባለመተላለፉ ምን ጉዳት ሊመጣ እንደሚችል ያስረዳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእናንተ ነው። ሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ የሚያስከትል ነገር ሲሆን፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነገሩ ይለያል። ደግሞም ከደብዳቤው ላይ ቀረ ማለት ከሆስፒታሉ መዝገብ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እዚያ ይቆያል።

ወይ ሁሉም ይጻፍ ወይ ምንም አይጻፍ የሚባል ምርጫ አይደለም። መድኃኒቱ ይጻፍ፣ የቤተሰቤ ታሪክ ይቅር ማለት ይቻላል። እኔ በበኩሌ መድኃኒትን ከጂፒ መደበቅ አልደግፍም፤ ምክንያቴንም በምሳሌ ልንገራችሁ። የአባላዘርና የኤችአይቪ ክሊኒኮች እዚህ አገር ያለ ጂፒ ሪፈራል የሚገባባቸው ናቸው፤ ካልፈቀዳችሁም ለጂፒ አይጽፉም። በእኛ ማኅበረሰብ ያለውን መገለል ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለብዙ ሰው ወደ ሕክምና የሚገባበት በር ሆኗል። ነገር ግን ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስም ቢኖርበት፣ ይህን የማያውቅ ጂፒ ፍሉቲካሶን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ኢንሄለር ሊያዝለት ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ ስቴሮይዱ በሰውነት ውስጥ ይከማችና ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ለጂፒ አይነገርብኝ ያላችሁ ሁሉ፣ አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ የክሊኒካችሁን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳትጠይቁ አትዋጡ፣ አትሳቡም።

«ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ ታየኛለች» የሚል ስጋትም ደጋግሞ ይደርሰኛል። ስጋቱ ይገባኛል። ጂፒ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ስልክ የሚያነሳውም ጭምር፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። መዝገባችሁን ማን መቼ እንደከፈተው የሚያሳይ አሻራ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ያለ ሥራ ጉዳይ የሰው ፋይል መክፈት ከሥራ ከማስባረር አልፎ በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። ከጠረጠራችሁ ለክሊኒኩ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቡ፤ እያንዳንዱ ተቋምም የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቅ፣ ካልዲኮት ጋርዲያን የሚባል ኃላፊ አለው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1997 የሕሙማን መረጃ አያያዝን መርምረው ሪፖርት ካቀረቡት ከፊዮና ካልዲኮት የመጣ ነው።

ለአሠሪና ለኢንሹራንስ የሚጻፍ ሪፖርት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ እ.ኤ.አ. የ1988 ነው። የሚያክማችሁ ሐኪም እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጽፈው ስትፈቅዱ ነው። ሳይላክ ማየት እፈልጋለሁ ካላችሁ 21 ቀን አላችሁ፤ ስህተት ካለ እንዲታረም መጠየቅ፣ ካልተስማማችሁም እንዳይላክ መከልከል ትችላላችሁ። ፎርም ሲሰጣችሁ ቸኩላችሁ አትፈርሙ።

አስተርጓሚን በተመለከተ ልቤ ስለሚቆስል አጥብቄ እናገራለሁ። ኤንኤችኤስ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ባልን፣ እህትን፣ በተለይ ደግሞ ልጅን ይዛችሁ አትግቡ። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ የእናቷን የማኅፀን ችግር ለሐኪም ስታስረዳ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ የተሸከመችው ቃል ከአቅሟ በላይ ነው፤ እናቲቱም ልጇ ፊት የማትለው ብዙ ነገር ይኖራታል።

ስለ እናንተ የተጻፈውን ለማየት የኤንኤችኤስን አፕ መጠቀም ወይም የመዝገባችሁን ቅጂ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ፣ በአንድ ወር ውስጥ ይሰጣችኋል። የአፑን የይለፍ ቃል ግን ለማንም አትስጡ፤ ስልኩን የገዛላችሁ ሰው ቢሆንም።

ባለፈው መጋቢት ሌላ ስፔሻሊስት ጋ ቀጠሮ ነበረኝ። ስንጨርስ «ለጂፒሽ እጽፋለሁ» አለኝና ተነሳ። «ምን ብለው ነው የሚጽፉት?» አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠና አንድ በአንድ ነገረኝ። ሦስተኛው ላይ «ይህ ይቅርልኝ» አልኩ። ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ እሺ አለ። ግልባጩ በፖስታ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሦስተኛው የለበትም።