እንቁጣጣሽ በሉተራውያን ጎረቤቶቻችን ዘንድ

መስከረም 1 ቀን በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ርእሰ ዓውደ ዓመት ይባላል። የዘመናት ባለቤት እግዚአብሔር ክረምቱን በደመናና በዝናም አሳልፎ ምድርን በአደይ አበባ ሲያስጌጣት፣ ምእመናን የመጥምቁን የቅዱስ ዮሐንስን መታሰቢያ እያከበሩ ከአንዱ ወንጌላዊ ዘመን ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። በየአጥቢያው ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ቀመር የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያውጃሉ። በየቤቱ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ልጃገረዶች አበባ ይዘው እየዘመሩ ደጅ ለደጅ ይዞራሉ።

በዚሁ ዕለት ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪም ስለ አዲሱ ዘመን ጸሎት ይደርሳል። በከተማም ሆነ በገጠር፣ በተለይም በምዕራቡና በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ ከአጥራችን ባሻገር የሚኖር ጎረቤት፣ አንዳንዴም ከአንድ ማኅፀን የወጣ ወንድም ወይም እኅት ዘመኑን የሚቀበለው በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው። ብዙዎቻችን እነዚህን ወገኖች ከሌሎቹ ጋር በአንድ የጅምላ ስም ጠቅልለን ከመጥራት በቀር ማንነታቸውን ለይተን አናውቅም። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን የሉተራውያኑ ማኅበር ከየት እንደ መጣ፣ አዲሱን ዓመት በምን ዓይነት ኑሮና ተስፋ እንደሚቀበል፣ እኛስ በጉርብትና ምን እንደሚገባን በአጭሩ እንመለከታለን።

የሚያገናኘንና የሚለየን

ሉተራውያን ስማቸውን ያገኙት ከጀርመናዊው መነኩሴና የመጻሕፍት መምህር ከማርቲን ሉተር ነው። ሉተር በ1510 ዓ.ም. ዊተንበርግ በተባለችው ከተማ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ጋር የጀመረው ክርክር የምዕራቡን ክርስትና ለሁለት እንደ ከፈለው ይታወቃል። ይሁን እንጂ እርሱን የተከተሉት ወገኖች የቀደመውን ሁሉ አልጣሉም። ሕፃናትን ያጠምቃሉ። በኒቅያ ጉባኤ የተወሰነውን የሃይማኖት ጸሎት፣ በአነጋገሩ ከእኛ የሚለይበት ስፍራ ቢኖርም፣ ይቀበላሉ። በቅዱስ ቁርባንም የጌታ እውነተኛ ሥጋውና ደሙ እንደሚሰጥ ያምናሉ።

የሚለየንም ጥቂት አይደለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን የኬልቄዶንን ጉባኤ እነርሱ ይቀበላሉ። የእመቤታችንንና የቅዱሳንን አማላጅነት፣ የታቦትን ክብር፣ የታወጁትን አጽዋማት፣ ሰባቱን ምሥጢራት በምናምንበት መንገድ አያምኑም። ይህን ልዩነት መሸፈን ፍቅር አይሆንም። ጎረቤትን መውደድ ጎረቤትን እንዳለ ማወቅን ይጠይቃልና።

አንድ የዘመን አቆጣጠር

በጀርመንና በስዊድን ያሉ ሉተራውያን ዓመታቸውን የሚለውጡት በፈረንጆች ጥር 1 ቀን ነው። የእኛዎቹ ግን ከእኛው ጋር መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽን፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ልደትን ያከብራሉ። ፋሲካንም በዓለም ላይ ካሉት አብዛኞቹ የእምነት ወንድሞቻቸው ተለይተው እኛ በምንውልበት እሑድ ይውላሉ። ይህም ማለት ሊቃውንቶቻችን በርእሰ ዓውደ ዓመት የሚያውጁት የድሜጥሮስ ቀመር የእነርሱንም ትንሣኤ ይወስናል ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው መጠሪያ «መካነ ኢየሱስ» የሚለውም ቃል እንደ መካነ ሥላሴ ካሉት ከጥንት አብያተ ክርስቲያኖቻችን ስም ጋር አንድ ዓይነት የግእዝ አሰካክ ያለው ነው።

የአዲስ ዓመት አቀባበላቸውም በእኛ ዐይን እንግዳ አይደለም። ጳጉሜን ሲያልቅ ማኅበረ ምእመናኑ በጸሎት ቤታቸው ተሰብስበው ያለፈውን ዓመት በምስጋና ይዘጋሉ። መዘምራን ይዘምራሉ፤ ከበሽታ የተነሣው፣ ልጅ የወለደችው፣ ከመንገድ በደኅና የተመለሰው የተደረገለትን ይናገራል፤ ሽማግሌዎችም ስለ አገርና ስለ አዝመራ ይጸልያሉ። በበዓሉ ዕለት እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዶሮው ይሠራል፤ ቡናው ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ለእኛ ጾም ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ውሎ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት ኦርቶዶክሳዊ ጎረቤታቸውን በባዶ እጅ ላለመሸኘት የጾም ወጥ ለብቻ የሚያሰናዱ የመካነ ኢየሱስ ቤተሰቦች አሉ። የማይጾም ሰው ለሚጾመው ሲል ሽሮና ምስሩን በሌላ ድስት ሲሠራ ከመልካም ጉርብትና የሚቆጠር ነው።

ከዊተንበርግ እስከ ቦጂ

የኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና የሉተር ወገኖች ትውውቅ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሩቅ ነው። በ1526 ዓ.ም. በክረምት ወራት ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ዊተንበርግ ድረስ ተጉዘው ከሉተርና ከባልንጀራው ከሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያይተዋል። በሐምሌ ወር የተጻፈላቸው የመሸኛ ደብዳቤ ዛሬም አለ። ሉተር በቅዳሴና በቁርባን ነገር ከኢትዮጵያዊው ጋር እንደ ተስማማ፣ የሥርዓት መለያየትም የእምነትን አንድነት እንደማያፈርስ በዚያ ገልጿል። የአንድ ዲያቆን ውይይት የሲኖዶስ ውሳኔ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን የሁለቱ ወገኖች የመጀመሪያ ንግግር በውግዘት ሳይሆን በእንግዳ አቀባበል መጀመሩ የሚታለፍ አይደለም።

ከመቶ ዓመት በኋላ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት ጴጥሮስ ሄይሊንግ የተባለ የሉቤክ ሰው ጎንደር ደርሶ ነበር። የዛሬው ማኅበር ሥር ግን የሚመዘዘው በ1858 ዓ.ም. ምፅዋ ከገቡት ከስዊድን የወንጌል መልእክተኞች ነው። ከእነርሱ ጋር ቀድመው ከተወዳጁት መካከል በሐማሴን፣ በጸዓዘጋ አካባቢ መጻሕፍትን ይመረምሩ የነበሩ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ካህናት ይገኙበታል። ከዚያው ከሐማሴን የተነሡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል በ1890 ዓ.ም. ገደማ ወለጋ፣ ቦጂ ደርሰው ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው አስተማሩ። በ1897 ዓ.ም. ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ሰዎችን ከእሳት ለማውጣት ሲጥሩ ሕይወታቸውን እንዳጡ ይተረካል።

በዚያው ዘመን ወደ ወለጋ የተመለሱት ኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪካቸው ልብ የሚነካ ነው። በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው በባርነት ተሸጡ፤ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ተማሩ፤ ከዚያም አስቴር ጋኖ ከተባለች፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጣች ወጣት ጋር እየተጋገዙ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጁ። ሙሉው መጽሐፍ በግእዝ ፊደል ተቀርጾ በ1891 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ሰባኪው ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ ከአካባቢው ካህናት ክስ ቀርቦባቸው ለዓመታት ከመስበክ ታግደዋል። ይህንን ስንጽፍ የሁለቱ ወገኖች ጉርብትና ዘወትር በቡናና በዳቦ ብቻ ያለፈ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በዛሬው ስሟና ሕገ ደንቧ የቆመችው ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አባላቷ 20,000 ያህል ነበሩ። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነው በዓለም ካሉት የሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በቁጥር የላቁ መሆናቸው ይነገራል።

የ1971 ክረምት

ሁለቱን ቤተ ክርስቲያናት ያስተሳሰረ አንድ መራራ ክረምት አለ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የቦጂ ተወላጅና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የነፍስን ስብከት ከሥጋ ችግር ለይቶ የሚረዳ ወዳጅ ሰውን ለሁለት እንደሚከፍለው አስገንዝባለች። አብዮቱ ፈንድቶ የእስር ዘመን በመጣ ጊዜ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋቸውን ጥለው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከስብከት ሲመለሱ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለረጅም ዓመታት ታስረው ተሠቃይተዋል።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. ክረምት የቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው በታሰሩበት፣ ያለ ፍርድ፣ በግፍ ተገድለዋል። ፓትርያርኩና የሉተራውያኑ ጸሐፊ የ1972ን መስከረም አላዩም። ወገኖቻቸው መቃብራቸውን ሳያውቁ ብዙ እንቁጣጣሾችን አሳለፉ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው በአንድ ዓመት፣ በ1984 ዓ.ም. ነበር፤ የብፁዕነታቸው ዐፅም ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ዐርፏል።

ያ ዘመን የገደላቸውን በሃይማኖታቸው ለይቶ አልገደለም። እኛም ስናስታውሳቸው ሐዘናቸውን ለየብቻ ማጠር አይገባንም።

የዛሬው ኑሮና ተስፋ

በየማኅበረ ምእመናኑ የዕለት ኑሮ ዛሬም የ1964ቱ ደብዳቤ መንፈስ ይታያል። በወለጋ የአይራ ሆስፒታል፣ በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመው ትምህርት ቤት የዚህ አገልግሎት ፍሬዎች ናቸው። ከእነዚህ ደጆች የሚገባው በሽተኛና ተማሪ የየትኛውም ቤተ እምነት ልጅ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ማኅበሩ እጅግ በበዛበት በምዕራቡ አገር ያለፉት ዓመታት የሰላም ዓመታት አልነበሩም። ግጭት መንገድ ዘግቷል፤ አርሶ አደሩን ከማሳው፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት አፈናቅሏል። በዚያ መከራ ካህኑም ሰባኪውም፣ ቅዳሴ የሚያስቀድሰውም መዝሙር የሚዘምረውም አብረው ተሰድደዋል። ስለሆነም በዘመን መለወጫ ምሽት ከሉተራውያኑ ልመና የሚቀድመው ስለ ሰላም የሚቀርበው ነው። የታረሰው እንዲታጨድ፣ የሄደው እንዲመለስ፣ የተለያየው ቤተሰብ በአንድ ማዕድ እንዲቀመጥ ይለምናሉ።

ሁለተኛው ተስፋ የውስጥ አንድነት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአምልኮ ቋንቋ ምክንያት የተነሣ አለመግባባት ወንድማማቾችን ሲለያይ አይታ፣ ከዓመታት በኋላ በሽምግልና ወደ ዕርቅ መጥታለች። ይህ ለእኛ ባዕድ ወሬ አይደለም። በውጭና በአገር ውስጥ ተከፍለው የነበሩት አባቶቻችን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሲታረቁ በደስታ ያለቀስን ሕዝብ ነንና የዕርቅን ጣዕም እናውቃለን። ዕርቅ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚቀር ሳይሆን በየዓመቱ መጠበቅ የሚሻ መሆኑንም እንዲሁ እናውቃለን።

ከእኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ በዚህ በዓል ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ሃይማኖቱን ይወቅ፤ ይጠብቅም። ልጁ ስለ ምሥጢራትና ስለ ቅዱሳን ሲጠይቀው የሚመልሰው የሌለው አባት ልጁ ሲርቀው ጎረቤቱን መውቀስ አይገባውም። እምነቱን በሚገባ የተማረ ሰው ሌላውን አይፈራም፤ የማይፈራም ሰው ለስድብ አይቸኩልም።

ሁለተኛ፣ በቤተሰብ መካከል የእምነት መለያየት ያደረሰውን ቁርሾ በዚህ ቀን ያብርድ። በአገራችን በእንቁጣጣሽ የልጁን ድምፅ ሳይሰማ የሚውል አባት፣ ለእናቷ አበባ ለማቀበል የምትሳቀቅ ልጅ አለች። ወደ መካነ ኢየሱስ የሄደ ልጅ ደጅ ሲያንኳኳ እናት ስለ ሃይማኖቷ ስትል በሯን መዝጋት የለባትም። እርሱም የእናቱን ማዕተብና ጾም አክብሮ ይግባ። ክርክሩ ቀን አለው፤ መምህራንም አሉት። በእንቁጣጣሽ ማዕድ ላይ ግን ሊቀድም የሚገባው የወላጅ ምርቃት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰላም የሚቀርበውን ጸሎት ለየብቻችንም ቢሆን በአንድ ልብ እናቅርብ። ሁለቱም ወገኖች በኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ አባላት ናቸው። በጉባኤው ጠረጴዛ ዙሪያ አባቶች የሚነጋገሩት ነገር በየሰፈሩ፣ በእድርና በለቅሶ ቤት፣ በጉርብትና ካልተፈጸመ በወረቀት ላይ ይቀራል።

መጥምቁ ዮሐንስ፣ በስሙ ዘመኑን የምንከፍትበት ቅዱስ፣ የጎደጎደው እንዲሞላ፣ የጠመመው እንዲቀና አስተምሯል። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍልም አዝዟል። ይህ ትምህርት በእኛም በእነርሱም ወንጌል ውስጥ ይነበባል። በዚህ ዓመት በሁለቱም ቤት ከተፈጸመ የዘመን መለወጫው ጸሎት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

የዘመናት ጌታ የተሰደደውን ወደ ቀዬው፣ የተጣላውን ወደ ዕርቅ፣ የተራበውን ወደ ጥጋብ የሚመልስበት ዓመት ያድርግልን። ለአንባቢዎቻችን ሁሉ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ እንላለን።