የስፖርት ማርክ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል?

እንጅባራም ይሁን ዳንግላ፣ የልጁን ካርድ የተቀበለ ወላጅ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ ነው። ስፖርት ወይም ዜግነት ዝቅ ብሎ ቢገኝ «እሱ ለማትሪክ አይመጣም» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ አባባል ግማሹ እውነት ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአራት ዓመት ካርድ አገላብጦ ልጅ የሚመርጥ ሰው የለም። የሚወስነው በዋናነት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ይፈተናል፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ በሦስቱ ሳይንሶች ፋንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በ2015 ከመላው አገሪቱ ተፈታኞች ይህን ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምደባውም ከዚሁ ውጤትና ከተማሪው ምርጫ ስለሚነሣ፣ በስፖርት 95 ያመጣች ልጅ ለእሱ አንድም ነጥብ አይታሰብላትም። በአንደኛ ደረጃ አዊኛን አሳምሮ የጻፈም እንዲሁ። ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሕዝብ የሚያደንቀው የፈረስ ግልቢያ ችሎታማ ካርዱ ላይ መስመርም የለውም።

ስሕተቱ ያለው በሌላው ግማሽ ነው። የስፖርት ማርክ በትምህርት ቤቱ አማካይና ደረጃ ውስጥ ይደመራል። ከዚያ በላይ ደግሞ በተግባር ፈትነው የሚቀበሉ ክፍሎች አሉ። ስፖርት ሳይንስ መማር የሚፈልግ ሮጦና ዘሎ ይታያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አመልካቹን በድምፁ፣ በመሣሪያው ወይም በእርሳሱ ይመዝናሉ። እዚያ የሚጠየቀው ችሎታው ነው። የግል አስጠኚ መቅጠር የማይችል የገጠር ልጅ ታዲያ ይህን ችሎታ ከየት ያምጣ? ያለው ያ የሳምንቱ የስፖርት ወይም የኪነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ ለሒሳብ ማካካሻ ሲወሰድ የሚዘጋበትን በር ማንም አይነግረውም።

ውጭ አገር ለሚያመለክትም ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚጠይቁት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አማካዩን የሚያሰላው ከተወሰኑ የትምህርት ዘርፎች ብቻ ነው፤ ስፖርት አይገባበትም፣ የአንድ ዓመት የኪነ ጥበብ ትምህርት ግን ግዴታ ነው። ሌሎች ሙሉውን ወረቀት ያነባሉ።

እኛም ዘንድ ነገሩ በመግቢያው ፈተና አያበቃም። ፍሬሽማን ላይ የአካል ብቃት ኮርስ አለ። ውጤቱ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ከሲጂፒኤ ጋር አይደመርም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጊዜውን ለስድስቱ ፈተናዎች ቢሰጥ አልቃወምም፤ ማለፊያው ጠባብ ነው። 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ግን የስፖርቱን ሰዓት መንጠቅ በደል ነው። ወላጆች፣ ካርዱን ስትቀበሉ የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ በእርግጥ ተሰጥቶ እንደሆነ መምህሩን ጠይቁ። ልጃችሁ ወደ ሙዚቃ፣ ወደ ሥዕል ወይም ወደ ሩጫ ካዘነበለ ደግሞ 12ኛ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ የተግባር ፈተናውን ምንነት ከአሁኑ አጣሩለት።