የከረረ ጡንቻ ወይስ ያጠረ ጡንቻ? ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሕፃናት የአረማመድ ምርመራ

ሴሬብራል ፓልሲ ከልደት በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመነጭ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ ባይሄድም፣ ልጁ ሲያድግ በጡንቻዎቹና በአጥንቶቹ ላይ የሚታየው ለውጥ ሊጨምር ይችላል። በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ ወይም ጉልበቱን አጥፎ የሚሄድ ልጅ ለምርመራ ሲቀርብ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ መለየት ያለበት የትኛው ጡንቻ እንደከረረና ለምን እንደከረረ ነው።

ጡንቻ የሚከረው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያው፣ ጡንቻው ርዝመቱን ሳያጣ ከአንጎል የሚመጣው ቁጥጥር በመጓደሉ በፍጥነት ሲለጠጥ ተኮማትሮ ይቃወማል፤ ይህም ስፓስቲሲቲ ይባላል። በሁለተኛው ጡንቻው ራሱ አጥሯል፤ ቀስ ተብሎ ቢሳብም አይዘረጋም። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። የቦቱሊነም መርፌ የመጀመሪያውን ለጥቂት ወራት ያላላል፤ ያጠረውን ግን አያስረዝምም። ለእርሱ በየጊዜው የሚቀየር ጄሶ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ልዩነቱን ለማወቅ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በፈረንሳዊው ሐኪም ታርዲዩ ስም የሚጠራው ምርመራ ነው። ልጁ ተጋድሞ ሳለ መርማሪው እግሩን መጀመሪያ እጅግ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት ያንቀሳቅሳል። በዝግታ የደረሰበትንና በፍጥነት ሲሄድ ድንገት የተገታበትን ማዕዘንም ይለካል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ችግሩ በአመዛኙ ስፓስቲሲቲ ነው፤ ርቀቱ ጠባብ ሆኖ እግሩም የማይዘረጋ ከሆነ ጡንቻው አጥሯል። በብዙ ክሊኒኮች የተለመደው የአሽዎርዝ መለኪያ ለተቃውሞው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ለመሥራት ቀላል ቢሆንም ሁለቱን በሚገባ አይለይም።

በጣት ጫፍ ለሚራመድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ ተዘርግቶም ታጥፎም ይለካል። የላይኛው የባት ጡንቻ ከጉልበት በላይ ስለሚነሳ ጉልበት ሲታጠፍ ይረግባል። እግሩ ወደ ላይ የሚቀናው ጉልበቱ ሲታጠፍ ብቻ ከሆነ የከረረው ይህ ጡንቻ ነው፤ በሁለቱም ካልቀና ከሥሩ ያለው ጡንቻም ተጨምሯል። ተረከዙ በሚገባ ካልተያዘ ግን የእግሩ መሐል ይታጠፍና ውጤቱ ያሳስታል።

አልጋ ላይ የተለካ ማዕዘን ብቻውን አይበቃም። ልጁ ሲፈራ ወይም ሲያለቅስ ጡንቻው ይበልጥ ይከራል፤ ከመክረሩ ጋርም የጡንቻ አቅም ማነስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አረማመዱ በቪዲዮ፣ ከተቻለም በአረማመድ ላቦራቶሪ ይጠናል። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተረከዝ ጅማት በቀዶ ሕክምና ከሚገባው በላይ ከረዘመ ልጁ ጉልበቱን አጥፎ መሄድ ሊጀምር ይችላል፤ ይህን ማስተካከል ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

በዓረብ አገሮች ሆስፒታሎች ችግሩ «ሸለል ዲማጊ» ይባላል። «ተሸኑጅ» የሚለው ቃል ግን ለጡንቻ መክረርም፣ ለሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥም ስለሚያገለግል የትኛው እንደተፈለገ መጠየቅ ይገባል። ወላጅም ሆነ ሕፃኑን የምትንከባከብ ሠራተኛ፣ ልጁ ሲተኛ እግሩ ይላላ እንደሆነ አስተውለው ለሐኪሙ ቢናገሩ ይጠቅማል፤ ስፓስቲሲቲ በእንቅልፍ ጊዜ ሲረግብ፣ ያጠረ ጡንቻ ግን እንደከረረ ያድራል።