ወሎን በሰባት ደቂቃ

ወሎ ሲባል ምን ይታያችኋል?

ይህን ጥያቄ ለአሥር ሰው ብታቀርቡ አሥር መልስ አታገኙም። ሁለት መልስ ብቻ ይደጋገማል። አንዱ «የቆንጆ አገር፣ የትዝታ አገር» ይላል። ሌላው «የረሃብ አገር» ይላል። ደሴን ወይም ባቲን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁለቱንም አፉን ሞልቶ ይናገራል። ታዲያ ከየት አመጣው? አንዱን ከዘፈን ሰማ። ሌላውን በፊልም አየ፤ ወይም ካየ ሰው ሰማ።

ራዲዮ፣ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ባንድነት መገናኛ ብዙኃን ይባላሉ። ያልሄድንበትን አገር ያሳዩናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚያሳዩን አንድ ቦታ በአንድ ቀን ምን እንደሚመስል ነው። እኛ ደግሞ ያንን ይዘን አገሩን በሙሉ፣ ዘመኑን በሙሉ እንገምታለን። ይህ የጅምላ ግምት ይባላል። በጅምላ ማለት ሳይለዩና ሳይመርጡ ሁሉንም ባንድ ላይ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮረም እንሂድ።

በ1976 ዓ.ም. በወሎ የበልግ ዝናብ ቀረ። በልግ ለወሎ ደጋ ገበሬ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ክረምቱም አልሞላም። በዚያ ላይ በሰሜን ጦርነት ነበር። የደርግ ሠራዊት ከትግራይና ከኤርትራ ተዋጊዎች ጋር ይዋጋል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ እህል ካለበት ወደሌለበት አይሄድም። ሰው በሬውን ሸጠ፤ ዘሩን በላ፤ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወጣ።

ወዴት ወጣ? እህል ወዳለበት ነዋ። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌና ወደ አስመራ የሚሄደው አውራ ጎዳና በኮረም ያልፋል። የእርዳታ እህል በዚያ መንገድ ይመጣል። ስለዚህ ከየተራራው፣ ከየሸለቆው፣ የቀናት መንገድ በእግሩ እየሄደ ሰው ኮረም ተሰበሰበ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሜዳ ላይ ሰፈረ። ይህን ልብ በሉ፤ የብዙ አውራጃ ሥቃይ ባንድ ሜዳ ላይ ተከማችቶ ነበር።

ማይክል በርክ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛና ሙሐመድ አሚን የሚባል የኬንያ የካሜራ ባለሙያ እዚያ ደረሱ። ጎሕ ሲቀድ ያዩትን ቀረጹ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1984፣ ቢቢሲ የሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየው። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ሌሎች አገሮች ተቀባበሉት። ዓለም ደነገጠ።

ፊልሙ ውሸት ነበር ወይ? አልነበረም። ሰው በእርግጥ ሞቷል፤ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋል። ካሜራው ኮረም ባይደርስ ኖሮ ስንዴውና አውሮፕላኑ እንዲያ ፈጥኖ ባልመጣ ነበር። በዚያው በመስከረም ወር አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ሲከበር፣ የኮረም ነገር አልተወራም። ስለዚህ እኔ ካሜራ ያነሳውን ሰው አልወቅስም። ዝም ያለው የባሰ ነው።

ነገር ግን ሰባት ደቂቃ ውስጥ ምን አልገባም? እሱን እንይ።

ፊልሙን ያየ የሩቅ አገር ሰው ወሎን በረሃ አድርጎ ገመተ። ኮረም ግን ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ሰው በዚያ ሜዳ ላይ የሞተው በረሃብ ብቻ አይደለም፤ በብርድም ጭምር ነው። ከኮረም አጠገብ ደግሞ የአሸንጌ ሐይቅ አለ። ካሜራው ፊቱን ቢያዞር ኖሮ ሰው «እንዴ! እንዲህ ያለ ውኃ እያለ ለምን ተራበ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱ ወደ ጦርነቱ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ መንግሥቱ ይወስድ ነበርና። ሰማይ ብቻ ሲታይ ግን ጥፋተኛው ሰማይ ይሆናል።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም.፣ ቦብ ጌልዶፍ የሚባል የአየርላንድ ዘፋኝ ጓደኞቹን ሰብስቦ ለእርዳታ የሚሆን ዘፈን አወጣ። ብዙ ገንዘብ ተገኘበት፤ ሕይወትም ዳነበት። የዘፈኑ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ነው። እስቲ ይታያችሁ! ላሊበላ ያለው እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ላስታ ነው። ከዐለት ተፈልፍለው የተሠሩት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እዚያ ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ነጭ ለብሶ ገናን የሚያከብረው እዚያ ነው። ደግሞም የወሎ ሕዝብ ብዙው ሙስሊም ነው፤ ለሱ ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል። ግጥሙም አህጉሩን በሙሉ ደረቅ ምድር አድርጎ ይሥለዋል። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከመቶው 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። በሽሎም የወሎን ውኃ ይዞ ዓባይ ይገባል።

ኮረም የነበረው ነገር መጀመሪያ ወሎ ሆነ። ወሎ ኢትዮጵያ ሆነ። ኢትዮጵያ አፍሪካ ሆነች። በውጭ አገር የኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያወሩት አለ። «ከየት መጣሽ?» ይሏታል። «ከኢትዮጵያ» ትላለች። «እናንተ አገር ምግብ አለ?» ይሏታል። እሷ ግን የጅማ ልጅ ልትሆን ትችላለች። አባቷ ቡና የሚለቅም፣ እናቷ ማር የምትሸጥ፣ ዝናብ ሲበዛ የሚያማርሩ ሰዎች ልትሆን ትችላለች። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ እያዘነላት ነው። የሚታዘንለት ሰው ግን «ምን ታውቂያለሽ? ምን መሥራት ትችያለሽ?» ተብሎ አይጠየቅም። ጉዳቱ ይህ ነው። ፊልሙ ቢረሳም አስተያየቱ አይረሳም፤ ሥራ ሲጠየቅ፣ ዕቃ ሲሸጥ፣ ቪዛ ሲለመን ይመጣል።

ይህን የሚያደርጉት ፈረንጆች ብቻ ናቸው ካልን ግን ራሳችንን እናታልላለን።

ከዚያ በፊት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሌላ ረሃብ ነበር። የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ግን ቀረጸው፤ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ ግን አይደለም። ፊልም እንደ ጨርቅ ይቆረጣል፤ ይቀጠላል። የተራበ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይከተላል። ባዶ ማሰሮ የያዘች እናት፤ ከዚያ ሥጋ የሚበሉ የንጉሡ ውሾች። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሁለቱም ሥዕል እውነት ነበር። አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጣቸው ግን መቀስ የያዘ ሰው ነው። ወሎም በዚያች ማታ የክስ ማስረጃ ሆነ። ወሎ ምን ያርሳል፣ ምን ይነግዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የቱሪስት ማስታወቂያውም ያው ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡት የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ የሚለው መፈክር፣ በእንግሊዝኛው የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ፣ በ2008 ዓ.ም. በሌላ እስኪተካ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ቆንጆ አባባል ነው፤ ጳጉሜንን እንኳ አልረሳም። ግን በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ያለ ጃንጥላ የወጣ እንግዳ ምን እንዳለ እሱ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ ዘፈኑ እንምጣ። ከአራቱ የታወቁ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ትዝታም ከወሎ ጋር ይነሳል። ወሎ በዚህ ቢኮራ ይገባዋል። በራዲዮ ሲዘፈን ግን የወሎ ልጅ ዓይንና ፀጉር ብቻ ትሆናለች። አስቡት፤ ከኮምቦልቻ የሒሳብ ሥራ ተምራ የመጣች ልጅ ለሥራ ብትቀርብ፣ ቀጣሪው «የወሎ ልጅ ነሽ?» ብሎ ፈገግ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚያየው የምስክር ወረቀቷን አይደለም። ስለ ረሃብ የተነገረው ያሳዝናል፤ ይህኛው ያስደስታል። ለልጅቱ ግን ሁለቱም ያው ነው፤ አንዱም ስለ እሷ አይደለም።

ባቲ ራሷ ብትጠየቅ ምን ትላለች? ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ትልቅ ገበያ አላት። የደጋው ገበሬ እህል ይዞ ይወርዳል። የአፋር አርብቶ አደር ግመልና ፍየል ነድቶ፣ አሞሌ ጭኖ ይወጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ባንድ ገበያ ይነገራሉ፤ ነጋዴው ሦስቱንም ይሞክራል። ዋጋ ይወጣል፤ ይወርዳል። ይህን ገበያ ዘፈኑ አይነግራችሁም፤ ፊልሙም አያሳያችሁም። የሚሞት ሰው የለበትማ። የሚያፈቅር ሰው ቢኖርበትም በግመልና በአቧራ መሐል አይታይም።

ዛሬ ሰባት ደቂቃም ረዝሟል። በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ አንዳንዴ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በግማሽ ደቂቃ አንድ ከተማ «የሌባ ከተማ»፣ አንድ ወረዳ «የጠብ አገር» ተብሎ ይቀራል።

ስለ አንዲት ሕፃን ልንገራችሁ። በዚያው በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የካናዳ ጋዜጠኞች ትግራይ ውስጥ የአንዲት ልትሞት የተቃረበች ሕፃን ፊት ቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለእርዳታ በተዘጋጀው ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ያ ፊት ለመላው ዓለም ታየ። የረሃብ ምልክት ሆነ። ስሟ ብርሃን ወልዱ ነው። አልሞተችም። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በአንድ ሰፊ መናፈሻ ሌላ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። የሕፃንነት ፊቷ በትልቅ ሸራ ላይ እየታየ፣ ብርሃን የሀገር ልብሷን ለብሳ በእግሯ መድረክ ላይ ወጣች። በዚያን ጊዜ ግብርና የተማረች፣ ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። ዘፈኑ ግን በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በአርባኛ ዓመቱ፣ እንደገና ወጣ። በዚህ ጊዜ ከራሳቸው ከዘፋኞቹ መሐል «አፍሪካን እንዲህ ማሳየት ይብቃ» ያሉ ነበሩ።

ለዚህ ሳምንት ንባብ ጥያቄው ይህ ነው። ስለ እናንተ አገር፣ ስለ ወረዳችሁ ወይም ስለ ከተማችሁ፣ በራዲዮ ወይም በዘፈን የሰማችሁት አንድ ነገር ምንድን ነው? ያልተነገረውስ? ሁለት ሁለት መስመር ጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።