የጉድጓድ እህል እንዳይበላሽ፣ ሰውም እንዳይጎዳ

ከሐረር ከተማ በስተደቡብ የሚታየው ሐኪም ጋራ በምንጮቹ የታወቀ ነው። የመሬቱ ርጥበት ለአትክልት በረከት ቢሆንም በጉድጓድ ለተቀመጠ ማሽላ ግን ጠላት ነው።

በሐረርጌ ማሽላን በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓድ እንጨትና ቆርቆሮ አይፈልግም፤ እሳትና ሌባም በቀላሉ አይደርሱበትም። አፉ በሚገባ ሲደፈን እህሉና ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ስለሚጨርሱት ነቀዙ ይሞታል። ጉዳቱ ከግድግዳውና ከወለሉ በሚገባው ርጥበት የሚመጣው ሻጋታ ነው። ሻጋታን የፈራ ገበሬ በመኸር በርካሽ ይሸጥና በክረምት በውድ ይገዛል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚከተለውን በተግባር ሊያሳዩ ይገባል።

1ኛ/ ቦታ፦ ከምንጭና ውሃ ከሚተኛበት የራቀ ከፍ ያለ ስፍራ ይመረጥ። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር።

2ኛ/ ማድረቅ፦ ደረቅ ጨውና ጥቂት ማሽላ በደረቅ ጠርሙስ ጨምሮ መነቅነቅና 15 ደቂቃ ያህል መቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ አልደረቀም። ባይጣበቅም አንድ ቀን ፀሐይ ይጨመርለት።

3ኛ/ ማልበስ፦ አሮጌው እህልና ገለባ ተጠርጎ ይውጣ። ወለሉና ግድግዳው ደረቅ ገለባ፣ በላዩም ያልተቀደደ ላስቲክ ይልበስ። አፉ በጭቃ ከተመረገ በኋላ ዝናብ እንዲንሸራተት አፈር ይከመርበት።

4ኛ/ አከፋፈት፦ ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር አየር ስለሚገባ ነቀዝ ይነሣል። የወር ቀለብ በአንድ ጊዜ ማውጣት ድካምንም ይቀንሳል። ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ ሁለት ትናንሽ ይሻላሉ።

5ኛ/ ዘር፦ በጉድጓድ የቆየ እህል የመብቀል ኃይሉ ስለሚቀንስ ዘር ለብቻው ይቀመጥ። ለዚህም ባለ ሦስት ንብርብር አየር የማያስገባ ከረጢት ይጠቅማል። ማኅበሩ ከረጢቱንና ላስቲኩን በጅምላ ቢገዛ ወጪው ይቀላል።

የሻገተ እህል ከደህናው ጋር አይቀላቀል፤ ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ፦ ነቀዙን የገደለው የታፈነ አየር ሰውንም ይገድላል። ይህ አየር ከባድ በመሆኑ ከታች ይተኛል፤ በሽታም አይታወቅም። ጉድጓዱ ተከፍቶ ለብዙ ሰዓት ይናፈስ፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ ከፍ ዝቅ እያደረጉ አየሩን ማንቀሳቀስ ይገባል። የተለኮሰ ኩራዝ ሲወርድ ከጠፋ ማንም አይግባ፤ ባይጠፋም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። የሚገባ ሰው ደረቱ ላይ ገመድ ይታሰር፤ ሁለት ሰዎችም ከላይ ይያዙት። ቢወድቅ በገመዱ ይጎተት እንጂ ለማዳን ተከትሎ መግባት ፈጽሞ አይገባም። የሚከተለውም በዚያው ይቀራልና።

ልጆች ደግሞ ትንሽ ስለሆኑ በጠባቡ አፍ ይገባሉ ተብሎ ወደ ጉድጓድ አይላኩ። እህል ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።