ጉዳት የሌለበት ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የአንድ የ29 ዓመት የግንባታ ሠራተኛን ታሪክ አወጣ። ሠራተኛው ዘሎ ሲወርድ 15 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ሚስማር ላይ አረፈ፤ ሚስማሩም ጫማውን በሳው። ሚስማሩ በትንሹ ሲነካ እንኳ ሕመሙን መቋቋም ስላቃተው ኃይለኛ ማስታገሻ ተሰጠው። ጫማው ሲወልቅ ግን ሚስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፎ ተገኘ፤ እግሩ አልተጎዳም ነበር።

ሕመሙ ማስመሰል ነበርን? አልነበረም። ነርቮች ወደ አንጎል የሚያደርሱት የአደጋ መረጃ ነው፤ መረጃውን ዓይን ካየው፣ ቀድሞ ከደረሰውና ከሚፈራው ነገር ጋር አገናዝቦ የሕመም ስሜትን የሚፈጥረው ግን አንጎል ነው።

ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሕመም «ሥር የሰደደ» ይባላል። የተጎዳው አካል ከዳነ በኋላ ሕመሙ ለምን ይቀጥላል? ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚሰማውን ጩኸት እናስብ። ተናጋሪው ዝም ቢልም፣ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ እየገባ ይጎላል። በተመሳሳይ መንገድ ሕመም ፍርሃትን ይወልዳል፤ ፍርሃትም የነርቭ ሥርዓቱን ይበልጥ ንቁ ያደርገዋል፤ የነቃው ሥርዓትም ቀላሉን ንክኪ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። ዑደቱ ራሱን በራሱ ይመግባል።

እንዲህ ያለውን ሕመም የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ፦ ያለ ጉዳት፣ በሐዘን ወይም በጭንቀት ወቅት መጀመሩ፤ ከአንድ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው መዛወሩ፤ በፈተና ሰሞን ብሶ በዕረፍት ጊዜ መቅለሉ፤ በለስላሳ ንክኪ መቀስቀሱ። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሲደጋገፉ ግን ትርጉም ይኖራቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም ሌላ መንስኤ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ፈጥኖ መታከም ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በምስል የታየ ለውጥ ሁሉ የሕመም መንስኤ አይደለም፤ በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ ጀርባቸውን ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 37 በመቶ በሚሆኑት ላይ የአከርካሪ ዲስክ መጎሳቆል እንደሚታይ አመልክቷል።

የሕመሙን ምንጭ ማወቅ የሕክምናው መጀመሪያ ነው። በ2021 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሙከራ ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ያለባቸውን 151 ሰዎች አሳትፎ ነበር። ሕመማቸውን ያለ ፍርሃት እንዲመለከቱ ለአራት ሳምንት ከታገዙት 66 በመቶዎቹ ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ተገላገሉ፤ የማስመሰያ መርፌ ከተወጉት ግን 20 በመቶዎቹ ብቻ። እንግዲህ «ምርመራው ምንም አላሳየም» የተባለን ሰው ልንጠራጠረው አይገባም፤ ሕመሙ እውነት ነው፤ ሊድንም ይችላል።